እርጥብ መስክና የከብት ኮቴ

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ)

የዛሬው የግብርና ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ግጦሽ መሬት ነው። ስለ ግጦሽ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የምናወራው ከብት በአፉ ስለሚወስደው ሣር ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ከብት በእግሩ ስለሚሠራው ሥራ ነው። ኮቴው መሬቱን ሲረግጥ አፈሩ ውስጥ ምን ይሆናል? የሣሩ ሥር ምን ይደርስበታል? የዝናቡ ውኃስ ወዴት ይሄዳል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ መስካችንን አብዝቶ የሚጎዳው የትኛው ወር ላይ ያረፈ ኮቴ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንመልሳለን።

ትምህርታችንን የምንጀምረው ከምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸና አቅራቢያ ካለችው ከዲማ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርት ቤቱ ስሙ የተጠራ ደብር ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ፣ ወይም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ የሰማ ሁሉ ዲማን በእግሩ ባይረግጣትም በስም ያውቃታል። የአካባቢው ሜዳ ጥቁር አፈር የበዛበት፣ በጤፉ የታወቀ ነው። ጥቁሩ አፈር ለጤፍ ገበሬው ሀብቱ ነው፤ ለክረምት ግጦሽ ግን ብርቱ ጥንቃቄ የሚጠይቅ አፈር ነው።

እስቲ የከብቱን ዓመት በወራት እንከተለው። ከታኅሣሥና ከጥር ጀምሮ አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ሲሆን ከብቱ በየማሳው ይለቀቃል፤ ቆረኑንና የወዳደቀውን ይለቃቅማል። በዚያ ጊዜ መሬቱ ሰፊ ነው፣ ደረቅም ነው። ሰኔ ሲገባ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ማሳው ይታረሳል፣ ይዘራል፣ ለከብት ይዘጋል። በመላው ሜዳ ተበትኖ የከረመው መንጋ በአንድ ጊዜ ተሰብስቦ ወደ ወል መስኩ፣ ወደ ጨፌው፣ ወደ ዳገቱና ወደ መንገድ ዳሩ ይገፋል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚበረታበት፣ አፈሩ ውኃ የሚጠግብበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከብቱ በሙሉ በጠባቧ መሬት ላይ የሚሰበሰበው መሬቷ እጅግ በረጠበችበት ወቅት ነው። የዛሬው ትምህርት ዋና ነጥብ ይህ ነው፦ የከብቱ ብዛት መስኩን ይጎዳል፤ ጉዳቱን ዕጥፍ ድርብ የሚያደርገው ግን ብዛቱ ከእርጥበቱ ጋር መግጠሙ ነው።

የኮቴን ኃይል ለጎጃም ገበሬ ማስረዳት ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው። ጤፍ ሲዘራ መሬቱን በከብት ማስረገጥ በብዙ የጤፍ አገር የቆየ ልማድ ነው። በጎቹ፣ ፍየሎቹ፣ ጥጆቹና በሬዎቹ በለሰለሰው እርሻ ላይ ወዲያ ወዲህ ይነዳሉ። ዓላማው ግልጽ ነው፤ የጤፍ ዘር ደቃቃ ስለሆነ ጓል በበዛበት ልቅ አፈር ውስጥ እንዳይሰምጥና ላዩ ቶሎ እንዳይደርቅበት መሬቱ ጠበቅ፣ ደልደል ማለት አለበት። አውድማውንም ተመልከቱ። በእበት ተለቅልቆ በሬ ሲመላለስበት የከረመ አውድማ ውኃ ቢፈስበት አይጠጣም፤ ሣርም ቶሎ አይበቅልበትም። ገበሬው በማሳውና በአውድማው ላይ አውቆ፣ ለክቶ፣ ለጥቅሙ የሚያሠራው ኮቴ በመስኩ ላይ ያለ ልክና ያለ ጊዜ ሲሠራ ውጤቱ ያው ነው። ሣር ሊበቅልበት የሚገባው መሬት ቀስ በቀስ አውድማ ይሆናል።

ኃይሉ ምን ያህል ነው? ለምሳሌ ያህል እናስላው። አንድ በሬ 300 ኪሎ ይመዝናል፣ አራቱ ሰኮናዎቹ መሬቱን የሚነኩበት ስፋትም በድምሩ 250 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በሬው ዝም ብሎ ቢቆም በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ያርፋል። ሲራመድ ሁለት እግሩን ካነሳ ክብደቱ በቀሩት ሁለቱ ላይ ይወድቅና 2 ኪሎ ከ400 ግራም ይሆናል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በባዶ እግሩ ቢቆምና የሁለቱ እግሮቹ ስፋት 300 ካሬ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጫናው 200 ግራም ብቻ ነው። የቆመ በሬ ከቆመ ሰው ስድስት ጊዜ የበለጠ ይጫናል ማለት ነው። በግ ክብደቷ ትንሽ ስለሆነ ጫናዋ ከበሬ ያነሰ ነው፤ ግን ቶሎ ቶሎ ትራመዳለች፣ በመንጋም ትሄዳለች፣ ሣሩንም እስከ መሬት ድረስ ጠጋ ብላ ትግጣለች።

ስሌቱን አንድ እርምጃ እንግፋው። አንድ በሬ በቀን 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ እያንዳንዱ እግሩም በየ1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ጊዜ ቢያርፍ፣ አንዱ እግሩ 4,000 ጊዜ፣ አራቱም 16,000 ጊዜ መሬት ይረግጣሉ። የረገጡት ስፋት ሲደመር 100 ካሬ ሜትር መሬት ነው። 100 ከብት የሚውልበት አንድ ሄክታር መስክ፣ ኮቴዎቹ ባይደራረቡ ኖሮ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ሳይረገጥ የሚቀር ቦታ አይኖረውም ነበር። ኮቴ ግን ይደራረባል። በውኃ መጠጫው፣ በበረቱ በር፣ በዛፍ ጥላ ሥርና በመንጋው መተላለፊያ ላይ በቀን ብዙ ጊዜ የሚረገጥ መሬት አለ። መስኩ መራቆት የሚጀምረውም ሁልጊዜ ከእነዚህ ቦታዎች ነው።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ አፈሩ ውስጥ እንግባ። ጤነኛ የመስክ አፈር ከግማሽ የማያንሰው ክፍሉ ባዶ ቦታ ነው። በአፈር ቅንጣቶች መካከል፣ የሞተ ሥር በተወው መተላለፊያ፣ የምድር ትል በሰረሰረው ቀዳዳ ውስጥ አየርና ውኃ ይኖራሉ። ትልልቆቹ ቀዳዳዎች የዝናቡን ውኃ ወደ ታች ያወርዳሉ፣ አየርም ያስገባሉ። ደቃቆቹ ደግሞ ውኃውን ይዘው ያቆያሉ፤ ሣሩ ዝናብ ካባራ በኋላ የሚጠጣው ከእነርሱ ነው። ኮቴ ሲጫን መጀመሪያ የሚደፈኑት ትልልቆቹ ቀዳዳዎች ናቸው። በዓይን ሲታይ መሬቱ ያው መሬት ነው፤ ውስጡ ግን የውኃውና የአየሩ በር ተዘግቷል።

ጉዳቱ የሚለያየው አፈሩ ባለው እርጥበት መጠን ነው። ሦስት ሁኔታዎችን እንለይ። የመጀመሪያው ደረቅ አፈር ነው። ደረቅ አፈር ጠንካራ ስለሆነ ጫናውን ይቋቋማል፤ ላዩ ይፈረፈር፣ አቧራም ይሆን ይሆናል እንጂ ወደ ውስጥ ብዙ አይጠቀጠቅም። ሁለተኛው ረጠብ ያለ፣ በእጅ ሲጨበጥ የሚጠፈጠፍ አፈር ነው። ለመጠቅጠቅ እጅግ የተመቸው ይህ ነው፤ እርጥበቱ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንዲንሸራተቱና እንዲጠጋጉ ያደርጋቸዋል። ሦስተኛው ውኃ የጠገበ አፈር ነው። እዚህ ላይ ቀዳዳዎቹ በውኃ ስለተሞሉ አፈሩ ከዚያ በላይ አይጠቀጠቅም፤ ይልቁንም ይቦካል። ኮቴው ይሰምጣል፣ ሣሩን ከነሥሩ ወደ ጭቃው ይከተዋል፣ ሲወጣም ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል። ጉድጓዱ ውኃ ያቁራል፣ በውኃ የተዋጠው ሥር አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ፀሐይ ሲወጣ ያ የቦካ ጭቃ እንደ ጡብ ይደርቃል።

ከብት የሚጠቀጥቀው በዋናነት የላይኛውን ከ5 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ያለውን አፈር ነው። ይህ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አብዛኛው የሣር ሥር፣ አብዛኛው የምድር ትል፣ አብዛኛው ብስባሽ ያለው በዚያች በአንድ ስንዝር ውስጥ ነው።

ጥቁሩና ቀዩ አፈር በዚህ ረገድ አንድ አይደሉም። ጥቁር አፈር ሸክላማ ነው፤ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በበጋ ክንድ የሚያስገቡ ስንጥቆች የሚከፈቱት ለዚህ ነው። ይህ ማበጥና መሰንጠቅ ለአፈሩ መድኃኒት ሆኖታል፤ በክረምት የተጠቀጠቀው በበጋ ተሰነጣጥቆ በከፊል ራሱን ይፈታል። ችግሩ ክረምት ላይ ነው፤ ስንጥቁ ሲገጥም ውኃ በቶሎ አይሰርግበትም፣ ለረጅም ጊዜ ጭቃ ሆኖ ይቆያል። በተዳፋቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ደግሞ ውኃውን ቶሎ ያሳልፋል፣ ቶሎ ይጠነፍፋል። ግን እንደ ጥቁሩ ስለማይሰነጠቅ አንዴ ከተጠቀጠቀ የሚፈታው በሣር ሥር፣ በምድር ትልና በዕረፍት ብቻ ነው። ተዳፋት ላይ በመሆኑም ላዩ ሲራቆት ጎርፍ ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ ሁለቱም እንክብካቤ ይፈልጋሉ፣ እንክብካቤያቸው ግን የተለያየ ነው።

ወደ ዕፅዋቱ እንለፍ። ሣር ቢጋጥም መልሶ የሚበቅለው ማደጊያው ጫፉ ላይ ስላልሆነ ነው። ማደጊያው ከሥሩ አጠገብ፣ ከመሬት ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። የከብት አፍ አብዛኛውን ጊዜ አይደርስበትም። ኮቴ ግን ይደርስበታል። መሬቱ ሲረጥብ ሰኮናው ያንን ማደጊያ ይቀጠቅጠዋል ወይም ከነጭቃው ይቀብረዋል። በአፍ የተጎዳ ሣር ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ በኮቴ የተጎዳ ሣር ግን ማቆጥቆጫውን ነው የሚያጣው።

ሁሉም ሣር እኩል አይጎዳም። ሰርዶን ተመልከቱ። በመሬት ላይ እየተሳበ፣ በየአንጓው ሥር እየሰደደ ይሄዳል፤ በአንድ በኩል ቢረገጥ በሌላ በኩል ይቀጥላል። ረጅሙና ቀጥ ብሎ የሚያድገው ሰንበሌጥ ግን ደጋግሞ ከተረገጠ ይሸሻል። ማገጥን ደግሞ ለይተን እንየው። ማገጥ ከባቄላና ከአተር ወገን ነው፤ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ አፈሩን ያዳብራል፣ ለላምና ለበግም ገንቢ መኖ ነው። በደጋው ጥቁር አፈር ላይ የሚበቅሉት በርካታ የማገጥ ዓይነቶች ዓመታዊ ናቸው። በክረምት በቅለው፣ በነሐሴና በመስከረም አብበው፣ ዘራቸውን በትነው ይሞታሉ። ሳያብቡ ከተጋጡና ከተረገጡ የሚበትኑት ዘር የለም። ለከርሞ የሚበቅለው ማገጥ የሚወሰነው ዘንድሮ ዘሩን ለማፍራት ባገኘው ዕድል ነው።

መስኩ ራሱ ይናገራል፤ ምልክቱን ማንበብ ብቻ ነው። መጀመሪያ ረጃጅሙ ሣር ይጠፋል፣ ማገጡ ይሳሳል። ከዚያ ሰርዶ ብቻውን መሬት ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሰርዶ መልካም ሣር ነው፤ ብቻውን ሲቀር ግን መስኩ በኮቴ መሰቃየቱን እያሳየ ነው። ቀጥሎ ከብት የማይወደው አክርማ በየቦታው ይበዛል፤ ቅጠሉ ጠንካራ ስለሆነ ሌላው ሲጋጥ እርሱ ይተርፋል። በስተመጨረሻ ባዶ ቦታዎች ይከፈቱና እንደ ኮሸሽላ ያለ እሾሃም አረም ይገባባቸዋል። በተጠቀጠቀ አፈር ላይ የቀረው ሣርም ሥሩ አጭር ነው፤ ወደ ታች መውረድ አልቻለም። ስለዚህ ዝናቡ በመስከረም መጨረሻ ሲያቆም ከታች የሚጠጣው ውኃ የለውም። ጎረቤት ያለው የተጠበቀ ሣር ገና አረንጓዴ ሳለ እርሱ ቀድሞ ይገረጣል።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ውድ አድማጮች፣ አፈሩ የማይጠጣው ውኃ የሆነ ቦታ መሄዱ አይቀርም። አንድ ብርቱ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል በአንድ ሄክታር ላይ 300,000 ሊትር ውኃ ወርዷል ማለት ነው። መስኩ ከዚያ ግማሹን ሳይጠጣ ቢቀር 150,000 ሊትር፣ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲሰፈር 7,500 ጀሪካን ውኃ በአንድ ጊዜ ወደ ታችኛው ማሳ ይወርዳል። በበጋ ምንጩን ይሞላ የነበረው፣ ለጉድጓዱ ይደርስ የነበረው ውኃ ጎርፍ ሆኖ ወደ ዓባይ ይነጉዳል።

ይህ በምርምርም የተረጋገጠ ነው። መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል፣ የዛሬው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት አካል፣ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ደጋ መሬትን ከፋፍለው ጥናት አካሂደው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1997 አሳትመዋል። አንዱን መሬት ጨርሶ ሳያስግጡ፣ ሌሎቹን በቀላል፣ በመካከለኛ፣ በከባድና እጅግ በከባድ ጫና እያስጋጡ አነጻጸሩ። ጫናው ሲከብድ አፈሩ የሚጠጣው ውኃ ቀነሰ፣ የሚወርደው ጎርፍና የሚታጠበው አፈር ጨመረ። ጉዳቱ የበረታውም አፈሩ ደቃቅና ሸክላማ በሆነበት ቦታ ነበር። ዲማና ቢቸና አካባቢ ሜዳውን የሞላው አፈር እንዲህ ያለ ሸክላማ አፈር ነው።

በሣር የተሸፈነ መሬት ምን ያህል ጠባቂ እንደሆነ የሚያሳይ ሌላ አኃዝ እናክል። የስዊዘርላንዱ የአፈር ጥበቃ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ ለኢትዮጵያ ባወጡት ግምት ከታረሰ መሬት በዓመት በሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር ሲታጠብ፣ ከግጦሽ መሬት የሚታጠበው 5 ቶን ገደማ ነው። ፈጽሞ ከተራቆተ መሬት ግን እስከ 70 ቶን ይታጠባል። ሣሩ በቦታው እስካለ ድረስ መስኩ ከየትኛውም እርከን የማያንስ የአፈር ጠባቂ ነው። ሣሩ ሲጠፋ ጠባቂነቱ አብሮ ይጠፋል።

ጎጃም ለአፈር ጥበቃ ምርምር እንግዳ አይደለም። በደምበጫ አካባቢ ያለው የአንጀኒ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ዝናቡ፣ ጎርፉና የሚታጠበው አፈር ሲለካበት የኖረ የምርምር ጣቢያ ነው። በየማሳው የተሠራው ፋኛ ጁ የተባለው እርከን ከጊዜ ብዛት መሬቱን ወደ ደረጃ ለውጦታል። እርከን ግን የሚቆየው የከብት ኮቴ ካላገኘው ነው። ሕዝቡ በየዓመቱ በበጋ ወጥቶ በዘመቻ የሠራውን እርከን፣ ልቅ የተለቀቀ መንጋ ተሻግሮት ሲመላለስ ጫፉን ይንደዋል፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ በተናደው በኩል ሰብሮ ይወጣል። ቦረቦርም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ይጀምራል። ከብቱ ከዳገት ወደ ወንዝ ቀጥ ብሎ የሚወርድበት አንድ ቀጭን መንገድ ሣሩ ይጠፋል፣ መሬቱ ይደነድናል፣ ውኃ ይሰበሰብበታል። ዘንድሮ ቁርጭምጭሚት የሚያስገባው ቦይ ከጥቂት ክረምት በኋላ በሬ የሚውጥ ገደል ይሆናል።

እስካሁን የተናገርነው ኮቴ ጠላት ነው ለማለት እንዳይመስልባችሁ። ከብት በልክና በጊዜው ሲረግጥ መስኩን ይጠቅማል። የደረቀውን ሣር ሰባብሮ ከአፈሩ ጋር ያገናኛል፣ ዘሩን ወደ መሬት ያስገባል፣ የደደረውን የአፈር ቅርፊት ይሰብራል፣ እበቱና ሽንቱ አፈሩን ያለመልማል። ሣርና ሣር በል እንስሳት አብረው የኖሩ ናቸው። መስኩ የሚጠይቀው ከብት እንዳይደርስበት አይደለም፤ ከረገጠው በኋላ እንዲያገግም ጊዜ እንዲሰጠው ነው።

የእናንተ መስክ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ በቤታችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። ባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውሰዱ፤ ከላይም ከታችም ክፈቱት። በሣር መካከል መሬቱ ላይ አስቀምጡና እንጨት ደርባችሁ ሁለት ጣት ያህል እስኪገባ በቀስታ ምቱት። አንድ ኩባያ ውኃ ለክታችሁ ጨምሩና ውኃው እስኪሰርግ ያለውን ጊዜ በሰዓት ያዙ። ይህንኑ በዚያው ቀን፣ በዚያው ዓይነት አፈር ላይ፣ ከብት በማይገባበት ቦታ ድገሙት። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ለዚህ ጥሩ መነጻጸሪያ ነው፤ አስፈቅዳችሁ ሞክሩት። በአንዱ ቦታ ውኃው ወዲያው ሲሰርግ በሌላው ቆሞ ካያችሁት፣ ልዩነቱን በአብዛኛው የፈጠረው የኮቴው ጫና ነው። በትምህርት ቤት ያላችሁ መምህራንም ይህን ከተማሪዎቻችሁ ጋር ብትሠሩት ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ይሆናል።

(አጭር የመሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ታዲያ ምን እናድርግ? ገበሬው ይህን ሁሉ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም ከብቱን ወደ ጨፌው የሚነዳው። በሰኔ መግቢያ ገለባው አልቋል፣ በሬው ቀንበር ሊሸከም ነው፣ ላሟ ከስታለች፣ አዲስ የበቀለው ሣርም ፊት ለፊት ይታያል። ስለዚህ መፍትሔው ሰኔን ከጥቅምት ጀምሮ ማሰብ ነው።

አንደኛ፣ ድርቆሽ እንያዝ። ሣሩ አብቦ ሳይገረጣ በጥቅምት ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ዝናብና ፀሐይ በማይነካው ቦታ ቢከመር ለግንቦትና ለሰኔ ስንቅ ይሆናል። የጤፉንና የገብሱን ገለባም ከዝናብ እንጠብቅ። በእርከኑ ጫፍ ላይ ዴሾ ሣር፣ በጓሮ ዳር ትሪ ሉሰርን ብንተክል እርከኑ ይጠነክራል፣ ለከብቱም እርጥብ መኖ ይገኛል። በዝናብ ቀን በበረት አስሮ የመመገብ ዕድል የሚፈጥረው ይህ ክምችት ነው።

ሁለተኛ፣ ለአዲሱ ሣር ፋታ እንስጠው። ሣሩ አንድ ስንዝር ሳይሞላ፣ አፈሩም ሳይጠነፍፍ ከብት አይግባበት። መለኪያው ቀላል ነው፤ መስኩ ላይ ቁሙና ተረከዛችሁን ጫን አድርጉ። ውኃ ከረገጣችሁበት ከወጣ ወይም እግራችሁ ከሰመጠ፣ የበሬ ኮቴማ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡት።

ሦስተኛ፣ መስኩን እንከፋፍለው። ረግረጋማው ጨፌ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ይዘጋ፤ በዚያ ጊዜ ከብቱ ድንጋያማና ቶሎ በሚጠነፍፍ፣ ተዳፋቱም ባልበዛ መሬት ላይ ይዋል። ጨፌው ሲጠነፍፍ ማገጡ ዘሩን በትኖ፣ ሣሩ ለአጨዳ ደርሶ ይጠብቃችኋል። በኒውዚላንድ፣ ክረምታቸው ዝናባማ በሆነባቸው አካባቢዎች ላም አርቢዎች ላሞቻቸውን በእርጥብ ቀን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ አስግጠው ወደተዘጋጀ ደረቅ ማቆያ ይመልሷቸዋል። ላሟ ብዙውን ሣር የምትበላው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ መስኩ ላይ መቆየቷ የሚጨምረው መርገጥን ነው። እኛም በሚዘንብበት ቀን እረኞቻችን መንጋውን ቀደም ብለው ቢመልሱት ጥቅሙ ተመሳሳይ ነው።

አራተኛ፣ መርገጥ የሚበዛባቸውን ቦታዎች እናጠንክር። የውኃ መጠጫው ዙሪያ በድንጋይ ይነጠፍ። የከብቱ መተላለፊያ ከዳገት ቀጥ ብሎ እንዳይወርድ ይጠማዘዝ፣ በየጊዜውም ይቀያየር። መቦርቦር የጀመረ መንገድ ወዲያው ይዘጋ።

አምስተኛ፣ በከብቶቻችን ቁጥር ላይ እንመካከር። ሀገራችን 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት አላት፤ በአፍሪካ ቀዳሚ ናት። የእርሻ በሬ ለገበሬው ግዴታው ነው። ነገር ግን የማይታለብ፣ የማይጠመድ፣ ለገበያም የማይደርስ ከብት ሌላው የሚበላውን ሣር እየበላ ሌላው የሚሰማራበትን መስክ ይረግጣል። በደንብ የተመገበች አንዲት ላም ከከሱ ሦስት ላሞች ብትበልጥ እንጂ አታንስም።

ስድስተኛውና ዋናው ስምምነት ነው። የወል መስክ አንድ ሰው ብቻውን ቢጠብቀው አይጠበቅም። በሰሜን ሸዋ መንዝ የሚገኘው የጓሳ ሣር ምድር ለዚህ ትልቅ ምስክር ነው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋውን ይህን ደጋ የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በራሱ ደንብ ሲጠብቀው ኖሯል። ለተከታታይ ዓመታት ለግጦሽም ለአጨዳም ይዘጋል፤ ሲከፈትም በጋራ ውሳኔ ይከፈታል። ደንቡን የጻፈላቸው ከውጭ የመጣ ባለሙያ አልነበረም። እኛም ከላያችን የጮቄ ተራራ አለን፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጓሳና ጅባራ የለበሰ፣ ወደ ዓባይ የሚፈሱ ብዙ ወንዞች የሚነሱበት። የጮቄ ሣር ከተረገጠ የሚጎዳው የተራራው ሰው ብቻ አይደለም፤ በታች ያለው ሜዳም ውኃውን ያጣል።

ደንብ ስታወጡ ግን አቅመ ደካማውን አትርሱ። መሬት የሌላት እናት፣ አንዲት ላም ብቻ ያለው ወጣት ከሁሉ በላይ የሚተማመኑት በወል መስኩ ነው። መስኩ ሲዘጋ ከሚታጨደው ሣር ድርሻቸው አስቀድሞ ይወሰን። ድርሻው በፍትሕ የተከፈለ ክልከላ በሁሉም ይከበራል፤ አንዱን ጠቅሞ ሌላውን የሚያስርብ ክልከላ ግን በሌሊት ይጣሳል።

የተከበራችሁ የዲማ፣ የቢቸና፣ የደብረ ማርቆስና የመላው ደጋ አድማጮቻችን፣ ከዚህ ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ ያዙልን። ክረምት ከመግባቱ በፊት በየጎጣችሁ ተሰብስባችሁ፣ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ተማክራችሁ፣ ከወል መስካችሁ እጅግ የሚረጥበውን አንዱን ክፍል ምረጡ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ኮቴ አይድረስበት። በጥቅምት ከተጠበቀውና ካልተጠበቀው እኩል ስፋት ያለው መሬት አጭዳችሁ ሸክሙን አመዛዝኑ፤ የቆርቆሮውንም ፍተሻ በሁለቱም ላይ ሥሩ። ያያችሁትን ለጎረቤት ቀበሌ ንገሩ። ሁሉን መስክ በአንድ ክረምት መለወጥ አይቻልም፤ አንዱን ጨፌ ማሳረፍ ግን በዚህ ክረምት ይቻላል፣ ወጪውም መስማማት ብቻ ነው።

ከብታችሁ ይርባ፣ መስካችሁ ይለምልም።

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ)